ሁሉን የመዘገበ ሰው፦ ከምርጫ ዘመቻ ወደ ሚኒስትርነት የተሻገረ አንድ ባለሙያ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

ምርጫ ባለፈ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ዘመቻውን የመራው ሰው አሁን ምን ይሁን? ብዙ ጊዜ መልሱ ሹመት ነው። ሰውየው ሌት ተቀን ለፍቷል። ተመራጩ ውለታ አለበት። ወንበር ደግሞ አይጠፋም። ከሹመቱ በኋላ የሚሆነውን ግን ቁጭ ብሎ የሚያጠና ጥቂት ነው።

እዚህ የማቀርበው የአሜሪካ ጉዳይ ነው። ከ1928 እስከ 1940 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስም አልጠራም። ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከጥቂት አንቀጾች በኋላ ማንነቱን ይደርስበታል። ለማያውቀው ደግሞ ስሙ ብዙ አይጨምርለትም። ሰውየውን ለማወደስም ለማውገዝም አልተነሳሁም። በዘመቻ ላይ ያዋጣው ችሎታ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሆነ ነው ማየት የፈለግኩት።

ከየት ተነሳ

በ1888 ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ጡብ በሚመረትባት ግራሲ ፖይንት የምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ አምስት ወንዶች ልጆቻቸውን በአንዲት ግሮሰሪና በመጠጥ ቤት ገቢ አሳደጉ። እሱ ራሱ መጠጥ አይቀምስም ነበር። መጠጥ ቤት ውስጥ አድጎ የማይጠጣ ሰው ጥሩ አድማጭ ይወጣዋል ብዬ እገምታለሁ።

የተማረው ሂሳብ አያያዝ ነው። ኋላም ለአንድ የጂፕሰም ኩባንያ ሻጭ ሆኖ የኒው ዮርክን ግዛት ዞረ። ይህ ትልቁ ትምህርት ቤቱ ነበር። ቀን ዕቃ ይሸጣል፣ ማታ የየከተማውን የፓርቲ ሰዎች ያገኛል፣ ሲመለስ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ይጽፋል።

የመጀመሪያ የሕዝብ ወንበሩ የስቶኒ ፖይንት ከተማ ጸሐፊነት ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነበር። አካባቢው የሪፐብሊካኖች ሰፈር ሆኖ ሳለ ዴሞክራቱ እሱ አሸነፈ። በ1918 የካውንቲው ፓርቲ ሊቀመንበር ሆነ። በ1923 በግዛቲቱ ምክር ቤት አንድ ዓመት ተቀመጠ። የአልኮል ክልከላውን የሚያስፈጽመው የግዛቲቱ ሕግ እንዲሻር ድምፅ ሰጠ። የመረጡት ሰዎች አልወደዱለትም። በሚቀጥለው ምርጫ ወደቀ።

ከዚያ የግዛቲቱ የቦክስ ስፖርት ኮሚሽን ውስጥ ገባና ሊቀመንበር ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሚያስመሰግነው ነው። የከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን መጀመሪያ ከዋናው ተፎካካሪ ከጥቁሩ ቦክሰኛ ጋር ካልገጠመ ሌላ ግጥሚያ አልፈቅድም ብሎ ፍንክች አላለም። አዘጋጁ ተናዶ የ1926ቱን ትልቅ ግጥሚያ ወደ ፊላዴልፊያ ወሰደው። ሁለተኛው ነገር ነፃ ትኬት ነው። ለፖለቲከኛ ወዳጆቹ የቦክስ ትኬት በማደል ይታወቅ ነበር። በጊዜው ማንም እንደ ትልቅ ጥፋት አልቆጠረውም። ይቺን ትኬት ግን አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ ትመለሳለች።

ሥራው፦ አንድን ገዢ ፕሬዚዳንት ማድረግ

በ1928 የግዛቲቱ ፓርቲ ጸሐፊ ሆነ። አንድ ዕጩ ለኒው ዮርክ ገዢነት ሲወዳደር ዘመቻውን አገዘ፤ ዕጩው በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በ1930 ድጋሚ ሲወዳደር ግን ልዩነቱ ከ700 ሺህ ድምፅ በላይ ሆነ። ሰውየውም የግዛቲቱ ፓርቲ ሊቀመንበር ነበር። በማግሥቱ ለጋዜጠኞች ይህ ገዢ የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት ዕጩ እንደሚሆን በይፋ ተናገረ።

ዘዴው ምን ነበር? ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ቀላል ይመስላሉ።

አንደኛው መዝገቡ ነው። ያገኘው ሰው ሁሉ ስሙ፣ የባለቤቱ ስም፣ የልጆቹ ሁኔታ፣ መጨረሻ ሲገናኙ የተነጋገሩት ጉዳይ ይጻፋል። በዓመቱ ያ ሰው ሲመጣ መዝገቡ ቀድሞ ይነበባል። «እናትህ ከሕመማቸው ተሻላቸው?» የሚል ጥያቄ ይቀድማል። በእንግሊዝኛው የፖለቲካ ቋንቋ እንዲህ ያለ መዝገብ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ለትልልቆቹ ብቻ አልነበረም፤ በየቀበሌው በር ለሚያንኳኳው ሠራተኛም ይጽፋል። ፊርማው በአረንጓዴ ቀለም ነው። ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩ ወረቀቶች መሀል ያ አረንጓዴ ፊርማ ከሩቅ ይታያል። ተቀባዩም ደብዳቤውን ለጎረቤቱ ያሳየዋል።

ሦስተኛው እግር ነው። በ1931 ክረምት እሱ አባል የሆነበት አንድ የወንድማማችነት ማኅበር በሲያትል ጉባኤ ነበረው። ሰውየው ካርታና የባቡር ሰዓት ሠንጠረዥ ይዞ ከገዢው ጋር ተቀመጠ። ከዚያ በ19 ቀን 18 ግዛቶችን አቆራረጠ። በየደረሰበት የፓርቲ ሰዎችን አገኘ፣ እጅ ጨበጠ፣ አዳመጠ፣ ማታ ማታ ለገዢው ሪፖርት ጻፈ። ለማኅበር ስብሰባ የሄደ ሰው ዘመቻ ላይ ነው ብሎ የሚከሰው የለም። ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው።

ያልሠራው፦ ቺካጎ፣ 1932

ከጉዞው የመጣው ሪፖርት ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ሁሉም ሰው ደስ የሚለውን ነግሮታል፣ እሱም አምኗል። ለጋዜጠኞች ዕጩአችን በመጀመሪያው ዙር ያሸንፋል አለ። ደጋግሞም አለ።

የፓርቲው ደንብ ለዕጩነት ከጉባኤው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ይጠይቃል። ድምፁ በአጠቃላይ 1,154 ነው፤ ለማሸነፍ 770 ያስፈልጋል። እጁ ላይ ግን አብላጫ እንጂ ሁለት ሦስተኛ አልነበረም። ጉባኤው ሳይከፈት የደጋፊዎች ስብሰባ ጠራ። በስብሰባው ላይ ከሉዊዚያና የመጣ አንድ ኃይለኛ ሴናተር ደንቡ ይሻር ብሎ ሐሳብ አቀረበና ተወሰነ። ጉድ ፈላ። የደቡብ ግዛቶች ተወካዮች ደንቡን እንደ መከላከያቸው ያዩት ነበር። ጨዋታ እየተካሄደ ሕግ መቀየር ነው ተባለ። ገዢው ራሱ ጣልቃ ገብቶ ሐሳቡ ተሳበ። ሰውየው ስብሰባውን መቆጣጠር አለመቻሉ የልምድ ማነስ መሆኑን አምኗል።

የመጀመሪያው ዙር ድምፅ የተሰጠው ሊነጋ ሲል ነው። 666 መጣ። ሁለተኛው ትንሽ ከፍ አለ። ሦስተኛው 682 ገደማ ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ካልጨመረ መውረድ ይጀምራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

እዚህ ላይ ያለችውን አንዲት ትዕይንት መዝለል አልችልም። የገዢው የቅርብ አማካሪ የመተንፈሻ ሕመምተኛ ነበር። ሙቀቱ አሸንፎት በሆቴል ክፍሉ ወለል ላይ፣ ነጠላ ሸሚዙን ለብሶ፣ በነፋስ መስጫዎች መካከል ተዘርሯል። ክፍሉ ሰው ሞልቶበታል። ያ ረጅም፣ ግዙፍ የዘመቻ ኃላፊ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ከጎኑ ተጋደመ። በጆሮው አንሾካሾከለት። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ሁሉን ነገር ቴክሳስ ላይ እንጣል። አማካሪው ተስማማ።

ቴክሳስና ካሊፎርኒያ የያዙት ሌላ ዕጩ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። ሰውየው ከአፈ ጉባኤው ታማኝ ወዳጅ ጋር ተነጋገረ። አፈ ጉባኤው ድምፁን ለቀቀ፣ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ለእሱ ሆነ። በአራተኛው ዙር 945 ድምፅ መጣ።

ትንበያው አልሠራም፤ ያዳነው ግንኙነቱ ነው። ለዓመታት ክፉ ሳይናገር ስለቆየ የተፎካካሪ ሰፈር ሰዎች በሩን ከፈቱለት። በኅዳር በተደረገው ምርጫ ዕጩው ከ48 ግዛቶች 42ቱን አሸነፈ። ሰውየው በዚያን ጊዜ የብሔራዊው ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኖ ነበር።

ችግሩ፦ ሦስት ወንበር፣ አንድ ሰው

መጋቢት 4 ቀን 1933 የፖስታ ሚኒስትር ሆነ። ይህ ሹመት ዱብ ዕዳ አልነበረም። በአሜሪካ የፖስታ ሚኒስትር ከ1829 እስከ 1971 የካቢኔ አባል ነበር። የፓርቲ ሊቀመንበር ወይም የዘመቻ ኃላፊ እዚያ መሾሙም የቆየ ልማድ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በየትንሹ ከተማ ፖስታ ቤት አለ፤ በጠቅላላው ከ40 ሺህ በላይ። በየፖስታ ቤቱ ኃላፊ አለ። ኃላፊው በፖለቲካ ይሾማል። ድርጅቱ ደብዳቤ ያደርሳል፣ እግረ መንገዱን የፓርቲ መረብ ይሆናል።

ሰውየው ግን የፓርቲውን ወንበሮችም አልለቀቀም። ሚኒስትር፣ የብሔራዊው ፓርቲ ሊቀመንበር፣ የኒው ዮርክ ፓርቲ ሊቀመንበር፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያዘ። የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የፖስታ ቤት ኃላፊ ሲሾም በተለምዶ ፓርቲው ይጠቁማል፣ መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። አሁን ጠቋሚውና አቅራቢው አንድ ሰው ሆኑ። ጠዋት በአንድ ኮፍያ ያቀረበውን ከሰዓት በሌላ ኮፍያ ይቀበለዋል።

ሥራ ፈላጊው ሕዝብ

በ1933 ከአሜሪካ የሥራ ኃይል ሩብ ያህሉ ሥራ አልነበረውም። ዴሞክራቶች ደግሞ ከዋይት ሀውስ ከወጡ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ዋሽንግተን በሥራ ፈላጊ ተጥለቀለቀች። ሰውየው በሚኖርበት ሆቴል መተላለፊያው፣ በቢሮው ደግሞ ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። በበር ሲወጣ ይከበባል።

እኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ አባባል አለ። ያኔ በዋሽንግተን የነበረውም ስሜት ከዚህ አይርቅም። እሱ ራሱ ለኪሱ አልበላም፤ በልቷል ብለው ጠላቶቹም ሊያስረዱበት አልቻሉም። ያ የሉዊዚያናው ሴናተር ከፕሬዚዳንቱ ጋር ከተጣላ በኋላ በ1935 ምርመራ ይደረግበት ብሎ ነበር፤ ሴኔቱ ውድቅ አደረገው። ማብላት ግን የሥራው ድርሻ ነበር።

እንዴት አስተናገደው? መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አዘገዩት። ሹመቱ የሚከፋፈለው ምክር ቤቱ የለውጥ ሕጎቹን ካጸደቀ በኋላ ነው ተባለ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ መቶ ቀናት በሚባለው ጊዜ፣ የምክር ቤት አባላት ሹመት እየጠበቁ ሕግ አጸደቁ። ይህ ሠራ። ሁለተኛ፣ ወረፋ ተበጀ። ቅድሚያ የተሰጠው ከቺካጎ ጉባኤ በፊት ለቆሙ ሰዎች ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከቺካጎ በፊት ነህ ወይስ በኋላ? ሦስተኛ፣ እምቢ የተባለውም ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ቶሎ፣ በአረንጓዴ ፊርማ። ይህቺ ሦስተኛዋ ብዙ ጠላት አስቀርታለታለች ብዬ አምናለሁ። ሰው ከእምቢታ በላይ የሚናደደው በዝምታ ነው።

ያልሠራው ምንድን ነው? የአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች መሪዎች ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። እሱ የሚልክላቸው ለፓርቲው የለፋ ሰው ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ካሉ ምሁራን ጋር የነበረው ቅራኔ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዘመኑም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1936 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ፣ በ1938 በሕግ፣ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ፈተናና ችሎታ ሥርዓት ተሳበ። በ1939 የወጣ ሌላ ሕግ የፌዴራል ሠራተኞች በምርጫ ዘመቻ እንዳይሳተፉ አገደ። እሱን መሰል የካቢኔ ሰዎችን አይነካም፤ ከታች ያለውን መረብ ግን በጣጠሰው።

የአየር ፖስታው ጣጣ

በ1934 መጀመሪያ ላይ የሴኔት ኮሚቴ አንድ ነገር አወጣ። ከእሱ በፊት የነበረው ሚኒስትር የአየር ፖስታ ኮንትራቶችን ለጥቂት ትልልቅ አየር መንገዶች አከፋፍሏል ተባለ። ፕሬዚዳንቱ ኮንትራቱ ይሰረዝ አሉ። ሰውየው መሰረዙን አልተቃወመም። ግን እስከ ሰኔ 1 እንቆይ፣ አዲስ ጨረታ ይውጣና በዚያው እንተካ የሚል ሐሳብ ነበረው። አልተሰማም። የካቲት 9 ትእዛዙ ወጣ፤ ሠራዊቱ በአስር ቀን ውስጥ ደብዳቤ ማብረር ይጀምር ተባለ።

የአየሩ ሁኔታ ከባድ ነበር። የጦር አብራሪዎቹ የሌሊትና የደመና በረራ ልምዳቸው አነስተኛ፣ አውሮፕላኖቻቸውም ለዚያ ሥራ ያልተሰናዱ ነበሩ። ሥራው ገና ሳይጀመር በልምምድ ላይ 3 ሰዎች ሞቱ። ነገሩ እስኪያበቃ 12 ያህል አብራሪዎችና ባልደረቦቻቸው አለቁ። የሕዝቡ ቁጣ የወረደው በማን ላይ ነው? በፖስታ ሚኒስትሩ። ያማከረው ሌላ፣ የተወሰነው ሌላ፣ የተሰደበው ግን እሱ። ፕሬዚዳንቱ ወጥቶ ውሳኔው የእኔ ነው አላለም። ሰውየው እንደተጎዳ የተናገረው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ዝም አለ።

በነገራችን ላይ ኮንትራቱ በግንቦት ወደ ግል አየር መንገዶች ተመለሰ። የድሮዎቹ እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ስለነበር ስማቸውን ቀይረው መጡ። «ኤርዌይስ» የነበረው «ኤርላይንስ» ሆነ፤ በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር። በዘመቻ ላይ ኃላፊው ለዕጩው ጋሻ ነው፤ ድንጋዩ እሱን ይምታው፣ ዕጩው ይትረፍ። ይህ ለጥቂት ወራት ያስኬዳል። ሚኒስትር ግን የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ ፊርማ አለው። በምክሩ ያልተሄደበትን ውሳኔ ሲፈርም ቢያንስ ምክሩን በጽሑፍ መዝገብ ላይ ማስቀረት ነበረበት። የሁሉን ሰው ልጅ ስም የመዘገበ ሰው ይህቺን ለሕዝብ በሚታይ ቦታ አላስቀመጣትም።

ቴምብሮቹ

አሁን ያቺ የቦክስ ትኬት ተመለሰች።

ፕሬዚዳንቱ የታወቀ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። አዲስ ቴምብር ሲወጣ ሚኒስትሩ ማተሚያው ጋ ይሄድና የመጀመሪያዎቹን ሉሆች ይገዛል። ጠርዛቸው ያልተበሳ፣ ጀርባቸው ሙጫ ያልተቀባ ናቸው። ፈርሞባቸው አንዱን ለፕሬዚዳንቱ፣ ሌላውን ለባለቤቱ፣ ሌላውን ለካቢኔ ባልደረባ ይሰጣል። ነፃ አልወሰደም። የሉሁን ዋጋ ከኪሱ ከፍሏል። በእሱ አስተሳሰብ ነገሩ ንጹሕ ስጦታ ነበር።

ሰብሳቢዎች ግን ሌላ ሂሳብ ነው ያሰሉት። ማንም ዜጋ እንደዚያ ያለ ሉህ መግዛት አይችልም። ስለዚህ ሉሁ ብርቅ ነው። ብርቅ ነገር ዋጋው የተጻፈበት አይደለም፤ ብዙ እጥፍ ነው። አንዱ ሉህ ገበያ ላይ ብቅ ሲል ነገሩ ፈነዳ። ማኅበሮቻቸው ጮኹ፣ ጋዜጦች ተሳለቁ፣ ምክር ቤቱ ጠየቀ።

የወሰደው መፍትሔ ግን ከጉዳዩ ሁሉ የምወደው ነው። ስጦታዎቹን ለመሰብሰብ አልሞከረም። ይቅርታ እየደረደረም አልከረመም። በመጋቢት 1935 እነዚያን 20 ዓይነት ቴምብሮች በዚያው ያልተበሳ፣ ሙጫ የሌለው መልካቸው በብዛት አሳትሞ ለማንም በዋጋው ሸጠ። ብርቅነቱ ጠፋ፤ ከብርቅነቱ ጋር ልዩ ጥቅሙም ጠፋ። መሥሪያ ቤቱም ከሽያጩ ገንዘብ አገኘ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ በእነዚያ ቴምብሮች ላይ የእሱን ስም ጨምረው «ቂልነት» ይሏቸዋል።

1936፦ ከስህተቱ የተማረበት

በ1932 ደስ የሚለውን ሰምቶ ተሳስቶ ነበር። በ1936 ሌላ ሰው ሆነ። ለየግዛቱና ለየካውንቲው ሰዎች ጻፈ፤ እውነቱን ንገሩኝ፣ የሚጎዳውንም ጨምሩ አለ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። በፓርቲው ቢሮ ደግሞ አንድ የቁጥር ሰው ነበር። አላስካ የሠራ፣ ኋላም የማዕድን አክሲዮን ሲተነትን የነበረ ሰው ነው። ማዕድን ፈላጊ ተራራውን በሙሉ አይፈጭም፣ ከየቦታው ናሙና ይወስዳል፤ የሕዝብን ሐሳብም እንዲሁ ይለካል ብሎ ያምን ነበር።

በዚያው ጊዜ አንድ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ያሸንፋል አለ። መጠይቁ የተላከው በአመዛኙ ስልክና መኪና ላላቸው ሰዎች ነበር። ሰውየው ግን በምርጫው ዋዜማ ለፕሬዚዳንቱ ጻፈ፤ ከሜይንና ከቨርሞንት በስተቀር ሁሉንም ታሸንፋለህ። ሆነም። 46 ግዛት፣ 523 ለ8 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ። ቀድሞ «ሜይን እንደሄደች አገሪቱ ትሄዳለች» ይባል ነበር። እሱ ቀየረውና «ሜይን እንደሄደች ቨርሞንት ትሄዳለች» አለ። መጽሔቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተዘጋ።

ያው ሰው፣ ያው መዝገብ፣ ያው አረንጓዴ ቀለም ነው። የተለወጠው ጥያቄው ነው። መጀመሪያ «ከእኛ ጋር ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ኋላ ግን «የት ላይ እየተሸነፍን ነው?» አለ።

መለያየት

ከ1936 በኋላ ያለውን በአጭሩ ላስኬደው። ፕሬዚዳንቱ በ1937 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ቁጥር ለመጨመር ሞከረ። በ1938 ደግሞ የሚቃወሙትን የራሱን ፓርቲ ሴናተሮች በፓርቲ ምርጫ ለማስጣል ተነሳ። ሰውየው የመጀመሪያውን በታማኝነት ደገፈ። ሁለተኛውን ግን ሊዋጥለት አልቻለም። ለእሱ የፓርቲ ሰው የፓርቲ ሰው ነው። ዘመቻው ከሸፈ፤ ኢላማ የነበሩት የጆርጂያ፣ የሳውዝ ካሮላይናና የሜሪላንድ ሴናተሮች ሁሉም ተመለሱ።

ዋናው ቁርሾ ሦስተኛው የሥልጣን ዘመን ነው። እስከዚያ ማንም ፕሬዚዳንት ለሦስተኛ ጊዜ ተመርጦ አያውቅም። ሰውየው ልማዱ መከበር አለበት ብሎ ያምናል፤ ራሱም መወዳደር ይፈልጋል። ሁለቱ ምክንያቶች የተደባለቁ ናቸው፤ የትኛው እንደሚቀድም ለመለየት አልሞክርም። ፕሬዚዳንቱ ለረጅም ጊዜ አዎም አይም አላለም።

ሐምሌ 1940 ቺካጎ። ሰውየው ገና የፓርቲው ሊቀመንበር ስለሆነ ጉባኤውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። የፕሬዚዳንቱ መልእክት ተነበበ፤ የፈለጋችሁትን ምረጡ ይላል። ወዲያው በድምፅ ማጉያው «ሩዝቬልትን እንፈልጋለን» የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ጯሂው ምድር ቤት ተቀምጦ ማይክሮፎን የያዘ የከተማዋ የፍሳሽ ቆሻሻ ክፍል ኃላፊ ነበር። ነፃ ምረጡ የተባለው ጉባኤ እንዲህ ተዘጋጅቶለት ኖሯል። (ስም አልጠራም ብዬ ነበር፤ ጩኸቱን ግን ያለ ስሙ መጻፍ አልተቻለኝም።)

ሰውየው ግን አላፈገፈገም። ጤናው የታወከ አንድ አረጋዊ ሴናተር ተነስተው ስሙን ለዕጩነት አቀረቡ፤ አዳራሹ ጮኸባቸው። ውጤቱ 946 ለ72 ነበር። ከዚያ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የፕሬዚዳንቱ ዕጩነት በሙሉ ድምፅ ይጽደቅ ሲል ጠየቀ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ጉባኤውን ለማረጋጋት በአውሮፕላን ስትመጣም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ተቀበላት። ዘመቻውን ምራ ሲባል ግን አልሆነም። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ፓርቲውን ሊቀመንበርነትና ሚኒስትርነቱን ለቀቀ።

ለሌላው የሚተርፍ

ይህን ጉዳይ ሳጠና መጀመሪያ የያዝኩት ግምት ተሳስቷል። የዘመቻ ሰው ለመንግሥት ሥራ አይበቃም የሚል ነበር። ሰውየው ግን ፖስታውን በደህና መርቷል። የዕለቱን ሥራ ለባለሙያዎቹ ይተዋል፣ እሱ ሰውን ይይዛል። በኅዳር 1935 የመጀመሪያው የፓስፊክ የአየር ፖስታ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ማኒላ ሲነሳ ትእዛዙን የሰጠው እሱ ነው። ችሎታው አልጎደለም። የጎደለው ወንበሮቹን መለየት ነው። ዘመቻ መርቶ ሹመት የሚቀበል ሰው የፓርቲውን ወንበር በዚያው ቀን ቢለቅ፣ ቢያንስ ጠቋሚና አቅራቢ ከመሆን ይድናል።

ስጦታን በተመለከተ የቴምብሩ ነገር ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። ጥያቄው «ከፍያለሁ ወይ?» አይደለም። «በመንገድ የሚሄደው ሰው ይህን በዚሁ ዋጋ ማግኘት ይችላል?» ነው። የማይችል ከሆነ የተሰጠው ወንበሩ ነው። ስህተቱ ከተፈጸመ ደግሞ እሱ እንዳደረገው ለሁሉም መክፈት ሰዎችን ዞሮ ከመለመን ይሻላል።

በሥራ ላይ ያሉ የዘመቻ ባለሙያዎች ከ1932ና ከ1936 ልዩነት ብዙ ያገኛሉ። የታማኝ ሰው ሪፖርት በባሕርይው ወደ ደስታ ያዘነብላል። መጥፎ ዜና ያመጣ ሰው እንደማይቀጣ ካላወቀ፣ የሺህ ሰው ሪፖርት ተደምሮ የአንድ ሰው ምኞት ይሆናል።

የመጨረሻውና ከባዱ ውለታ ነው። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባላል። ሰውየው ለሌላው ሁሉ የገባውን ቃል ጽፎ ይዟል። በእሱና በፕሬዚዳንቱ መካከል ግን ማን ለማን ምን እንዳለበት አንድም ቀን በግልጽ አልተነጋገሩም። እሱ ተራው የእኔ ነው ብሎ ጠበቀ። ፕሬዚዳንቱ ሹመቱ ውለታውን ዘግቶታል ብሎ ያስብ ነበር ይሆናል። በ1933 ሹመቱ ሲሰጥ «ይህ ለሠራኸው ነው፣ ወይስ ለሚቀጥለው?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ከመንግሥት ከወጣ በኋላ የኮካ ኮላን የውጭ ንግድ ኩባንያ ከሠላሳ ዓመት በላይ መራ። ዓለምን ዞረ፣ እጅ ጨበጠ፣ ስም መዘገበ። በ1976 ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ የኒው ዮርክ ትልቁ ፖስታ ቤት በስሙ ተሰየመ። ከ2021 ወዲህ የሕንፃው ከፊል የባቡር ጣቢያ አዳራሽ ነው። ደብዳቤዎቹ ዛሬም በየቤተ መዛግብቱ አሉ፤ ገጹን የገለበጠ ሰው አረንጓዴዋን ፊርማ ከሩቅ ያያታል።